ለቤት የገዛሁት ሽጉጥ ለአጋዘን ይበቃል ወይ? ማንን ልመን?

ጥያቄውን የከፈተው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድም ነው። የሥራ ባልደረባው በሼናንዶዋ ሸለቆ የቤተሰብ መሬት አለው፤ ኅዳር ላይ የአጋዘን አደን ሲከፈት አብረን እንውጣ ብሎ ጋብዞታል። ጠያቂው ጠመንጃ የለውም። ያለው ለቤቱ ጥበቃ የገዛው አንድ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው። ሽጉጡን የሸጠለት ሠራተኛ በእሱ ማደን እንደሚቻል ነግሮታል፤ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ያለው የአክስቱ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይፈቀድና እንደሚያስቀጣው አስጠንቅቆታል። ከሁለቱ ማንን ልመን ብሎ ጠየቀ።

ክሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ በጥያቄው ሥር የተደረደረው ውይይት፣ ሦስት ቀን ቆይቶ ሃያ አራት መልስ አገኘ። እኔም ሁለት ቦታ ላይ ጽፌበታለሁ። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ይኸው ጥያቄ ስለሚመለስ፣ የተባለውን በየተራው ላስቀምጠው።

ቁጥር 1 ጥያቄው በተጻፈ በደቂቃዎች ውስጥ የመጣ ነው። ጸሐፊው አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ በተገዛ መሣሪያ ማንም ማደን ይችላል፣ አትጨነቅ ብሎ አለፈ። እንዲህ ያለ መልስ ሰውን ችግር ውስጥ ይከታል። ያልተጠየቀውን መልሶ የተጠየቀውን ዘሎታልና።

ቁጥር 2 በትሕትና አረመው። አሜሪካ የሚባል አንድ የአደን ሕግ እንደሌለ፣ በምን መሣሪያና በምን ጥይት አጋዘን እንደሚታደን የሚወስነው እያንዳንዱ ስቴት መሆኑን፣ የፌዴራሉ ሕግ ግን በዋናነት መሣሪያ መያዝ የሚችለውንና የማይችለውን ሰው እንደሚለይ ጻፈ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

ቁጥር 3 ከሃሪሰንበርግ የመጣ ነው። ጸሐፊው አሥራ አንድ ዓመት አድኗል፤ የቨርጂኒያን ደንብም እንደ ጸሎት ያውቀዋል። በሽጉጥ አጋዘን ለማደን ሁለት ነገር እንደሚያስፈልግ አስረዳ። አንደኛ፣ የአረሩ ውፍረት ከ.23 ኢንች ማነስ የለበትም። ሁለተኛ፣ ጥይቱ በፋብሪካው ሠንጠረዥ ላይ 350 ፉት ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት እንዳለው የተመዘገበ መሆን አለበት። ቀጥሎም ብዙዎቻችን የምናደበላልቃቸውን ቃላት ለየልን። ጥይት ማለት ሙሉው ነገር ነው፤ ቀለህ ባሩዱን የሚይዘው የነሐስ ቅርፊት ነው፤ አረር ደግሞ ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው ነው። የስቴቶች ሕግ አንዱ አረሩን፣ ሌላው ቀለሁን፣ ሌላው ጉልበቱን ስለሚለካ፣ ሦስቱን ያልለየ ሰው ደንቡን ቢያነብም አይገባውም። በመጨረሻም አንዳንድ ካውንቲዎች የራሳቸው የመሣሪያ ገደብ ስላላቸው የሚታደንበትን ካውንቲ ስም ይዞ መፈለግ ግዴታ መሆኑን አሳሰበ።

ቁጥር 4 ላይ ጠያቂው ተመልሶ የሽጉጡን ጉልበት ከየት እንደሚያገኝ ጠየቀ። የሽጉጡን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ እንዲህ ያለ ቁጥር አላገኘም።

ቁጥር 5 የክሩ ምርጥ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊዋ መሐንዲስ ናት። ጉልበቱ ሽጉጡ ላይ እንደማይጻፍ፣ የጥይቱ ባሕርይ ስለሆነ በጥይቱ ሳጥን ላይ ወይም በፋብሪካው ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚገኝ አስረዳች። ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈም በቀላሉ ይሰላል። የአረሩን ክብደት በግሬይን ወስዶ፣ በሴኮንድ የሚሄደውን የፉት ብዛት በራሱ አባዝቶ፣ ሁለቱን አባዝቶ ለ450,240 ማካፈል ነው። ከዚያ ራሷ ሠርታ አሳየች። 115 ግሬይን የሚመዝን፣ በሴኮንድ 1,180 ፉት የሚሄድ የ9 ሚሊ ሜትር አረር 355 ገደማ ይሰጣል። 147 ግሬይን የሚመዝንና በሴኮንድ 990 ፉት የሚሄደው ግን 320 ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ሽጉጥ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ይባላሉ። ሆኖም የመጀመሪያው ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም።

ይህን ሳነብ ለአፍታ ቆምኩ። የሱቁ ሠራተኛ ሽጉጡን እያየ መለሰ እንጂ ጥይቱን አላየም። ብዙ ሰው ከባድ አረር የበለጠ ጉልበት ያለው ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ክብደቱ ፍጥነቱን ስለሚቀንሰው፣ ፍጥነቱም በራሱ ስለሚባዛ፣ ቀላሉ በለጠ።

ቁጥር 6 ድምፁ ሻካራ ነበር። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ መሆኑን፣ አጋዘን ካልኩሌተር እንደማይዝ፣ ጫካ ውስጥ ገብቶ ጥይት የሚመዝን ማንም እንደሌለ ጻፈ። ቁጥር 7 ደግሞ በዚያው ቃና መለሰለት። ጫካ ውስጥ የዱር እንስሳት ጥበቃ ፖሊስ መኖሩን፣ ፈቃድና መሣሪያ ሲጠይቅ ጥይቱንም እንደሚያይ፣ እንዲህ የሚናገር ሰው ሌሎችን ለቅጣት ከመዳረጉ በፊት ዝም ቢል እንደሚሻል ገለጸ። ሁለቱ ትንሽ ተወራወሩ። እኔ በቁጥር 7 ወገን ነኝ፤ ነገር ግን በቁጥር 6 ውስጥም እውነት አለ። 349 እና 351 ለእንስሳው ልዩነት የላቸውም። መስመሩ አንድ ቦታ መሰመር ስላለበት ተሰመረ።

ቁጥር 8 የመጣው ከኮለምበስ ነው፤ የጠያቂውን የአክስት ልጅ ከስድብ አዳነው። ኦሃዮ ጉልበትን አትለካም። በሽጉጥ ለማደን የአፈሙዙ ርዝመት ቢያንስ 5 ኢንች፣ የቀለሁ ቅርጽ ቀጥ ያለ፣ የአረሩም ውፍረት .357 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ትጠይቃለች። የ9 ሚሊ ሜትር አረር ውፍረቱ .355 ኢንች ነው። በ0.002 ኢንች ምክንያት ከሕግ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ አስገራሚውን ጨመረ። .38 ስፔሻል የሚባለው የድሮ የሪቮልቨር (የጥይት ማጉረሻው የሚሽከረከር ሽጉጥ) ጥይት ስሙ .38 ቢሆንም አረሩ ትክክል .357 ስለሆነ በውፍረት ያልፋል፤ ጉልበቱ ግን በተለመደው የፋብሪካ ጥይት 200 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ኦሃዮ ውስጥ ደካማው ያልፋል፣ ብርቱው ይወድቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የአክስቱ ልጅም የሱቁ ሠራተኛም እያንዳንዳቸው በቆሙበት አገር ልክ ነበሩ።

ቁጥር 9 የእኔ ነው። ስቴቶቹ ሁሉ የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እንስሳው ሳይሰቃይ ቶሎ እንዲሞት፣ የሳተው አረርም ሩቅ ሄዶ ሰው እንዳይጎዳ። መለኪያቸው ግን ይለያያል። ኦሃዮ ብዙ ሜዳ ያላትና ሰው የበዛባት አገር ናት፤ አንገቱ የጠበበ ቀለህ ያለው የጠመንጃ ጥይት እጅግ ሩቅ ይሄዳል፣ ቀጥ ያለ ቀለህ ያለው ግን ቶሎ ይወርዳል። ኢንዲያና ደግሞ ለረጅም ዓመታት ቀለሁን በማስመሪያ ስትለካ ኖራለች፤ አረሩ የወጣለት ቀለህ ርዝመቱ ቢያንስ 1.16 ኢንች፣ የሽጉጡ አፈሙዝም ቢያንስ 4 ኢንች እንዲሆን። በዚህ መለኪያ ታዋቂው .45 አውቶማቲክ ቀለሁ 0.898 ኢንች ብቻ ስለሆነ ይወድቃል፤ .44 ስፔሻል ልክ 1.16 ላይ ቆሞ ያልፋል። ስለ ሜሪላንድ ስጽፍ ግን ከቨርጂኒያ ጋር ተመሳሳይ ነው ብዬ ተሳሳትኩ።

ቁጥር 10 ወዲያው አረመችኝ፤ ተገቢም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት ናት። ሜሪላንድ ለሽጉጥ የምትጠይቀው 700 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም የቨርጂኒያን እጥፍ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ የ6 ኢንች አፈሙዝ ነው። በዚህ ምክንያት 158 ግሬይን አረር ያለው የተለመደ .357 ማግነም 535 ገደማ ስለሚሰጥ ከፖቶማክ ወንዝ በቨርጂኒያው ማዶ ሕጋዊ፣ በሜሪላንዱ ሕገ ወጥ ነው። .44 ማግነም በ240 ግሬይን አረር ከ740 በላይ ስለሚሰጥ በሁለቱም ያልፋል። ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቀችው ስለ መንገዱ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ የዉድሮ ዊልሰንን ድልድይ የተሻገረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ሕግ ሥር ነው፤ የቨርጂኒያ የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ሜሪላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም። ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ በተዘጋ መያዣ ውስጥ ሆኖ ነው የሚጓጓዘው። አደን እየሄድኩ ነው ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም።

ቁጥር 11 ሴት ልጅ አዳኝ መሆኗ እንዳስደነቀው ጽፎ ማን እንዳስተማራት ጠየቀ፤ አጠያየቁ ደስ አይልም ነበር። በቁጥር 12 እሷ ራሷ በሁለት መስመር ዘጋችው። የአዳኞችን የደኅንነት ትምህርት ወስዳ እንደተማረች፣ እሱም ከመጠየቅ ቢመዘገብ እንደሚሻል ነገረችው። ሃያ ሰው ወደደላት።

ከዚያ ቁጥር 13 መጣ። በተማሪ ቪዛ ያለ ወጣት ነው፤ ጓደኞቹ ተኩስ ልምምድ ሊወስዱት ነበርና እሱም ማደን ይችል እንደሆነ በጨዋ አማርኛ ጠየቀ። ቁጥር 14 ከባድ ነገር ነገረው፤ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይመጣል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በጊዜያዊ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ በመርኅ የተከለከለ ነው። ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ አንድ ስቴት የሰጠው፣ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ በእጁ ያለው ሰው ነው። የግሪን ካርድ ባለቤት በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። መልሱን የሰጠው ሰው ግን እዚያ አላቆመም። ወጣቱ ከማንኛውም ነገር በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዲያነጋግር፣ የእኛን መልስ ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳ እንዳይሄድ ለመነው፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በገንዘብ ቅጣት አያልቅም፣ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። በዚህ ክር ውስጥ ለማኅበረሰባችን ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር አልተጻፈም። ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ አረር ውፍረት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ወንድሞች ስለዚህ አንድ ቃል ሳይሉ ወዳጆቻቸውን ወደ ተኩስ ሜዳ ሲወስዱ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ቁጥር 15 ረጅም ነው። ሚኒሶታ የሚኖሩ አባት ናቸው። በሚኒሶታ ሕግ አረሩ ቢያንስ .22 ኢንች ውፍረት ያለው፣ አንድ ብቻ የሆነ፣ ጫፉ ለስላሳ ወይም ሥጋ ሲያገኝ የሚከፈት ዓይነት መሆን እንዳለበት፣ ቀለሁም ግርጌው መሐል ላይ ተመትቶ የሚተኮስ ዓይነት መሆን እንዳለበት ጻፉ። ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ አወጡ። በአንድ ኅዳር በ.357 ሪቮልቨር ስድሳ እርምጃ ላይ የቆመች ሴት አጋዘን ላይ ተኮሱ። ሲለማመዱ የኖሩት በሃያ አምስት እርምጃ ነበር። አጋዘኗ ጎንበስ ብላ ሮጠች። ደሟን ተከትለው ሄዱ፤ ደሙ ጥቁር ነበር፤ ሆዷን እንደመቷት ያኔ ገባቸው። እስኪጨልም ፈለጉ፣ በባትሪ ፈለጉ፣ አላገኟትም። ሲነጋ ተመልሰው ኮዮቴ የሚባሉት ተኩላ መሳይ አውሬዎች ሲጎትቷት አገኟት። ሌሊቱን ስንት ሰዓት በሕይወት እንደቆየች እስከ ዛሬ እንደሚያስቡ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በሽጉጥ አጋዘን ላይ ተኩሰው እንደማያውቁ ጻፉ።

ቁጥር 16 ያለ ርኅራኄ ወረደባቸው። ሕግ ጥሰው እንስሳ አሠቃይተው አሁን ሌላውን ሊያስተምሩ እንደመጡ ተናገረ። አንተ የማይባሉ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን አንተ ብሎ ጻፈ። አረሙን ነቅዬ እንድጥል ቢፈቀድልኝ ከዚህ እጀምር ነበር። እሳቸው ግን በቁጥር 17 አልተቆጡም። ጥይታቸው በሕጉ መሠረት ትክክለኛ እንደነበር፣ ጫፉ የሚከፈት እንደነበር፣ ፈቃዳቸውም የተሟላ እንደነበር፣ ያጠፉት እጃቸው ከለመደው ርቀት በላይ መተኮሳቸው እንደሆነ ብቻ አስረዱ። ሕጉ አልከለከለኝም ነበር፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከዚህ በኋላ ክሩ ለተወሰኑ ሰዓታት ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰበረው ቁጥር 18 ወደ ሌላ መንገድ ወሰደን። በጥይት የወደቀ፣ ሳይባረክና ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚያውም እዚህ አገር ያለው እንስሳ አጋዘን መባል እንደሌለበት ተከራከረ። የባሌው አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል፣ የአሜሪካው ግን በየዓመቱ ይጥለዋል፤ የሱ ዘመድ በኢትዮጵያ የለም። ልክ ነው፤ ግን ሌላ ስም ስለሌለን አጋዘን ብለን እንቀጥላለን።

ቁጥር 19 ዲያቆን መሆኑን ገልጾ ዋላና ሚዳቋ በዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት ጋር መቆጠራቸውን፣ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ደግሞ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን መታዘዙን አስታወሰ፤ የቀረውን የንስሐ አባትን መጠየቅ እንደሚገባ ጨመረ። ቁጥር 20 ሙስሊም ወንድማችን ነው። እሱ ቃታ ከመሳቡ በፊት ቢስሚላህ እንደሚል፣ በሕይወት ከደረሰበትም በቢላዋ እንደሚያርደው አካፈለን። የሁለቱ አነጋገር የክሩን ሙቀት አበረደው።

ቁጥር 21 ነርስ ናት። የእርሳስ አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ዓይን የማያያቸው ስብርባሪዎች ከቁስሉ ርቀው እንደሚበተኑ፣ በ2008 በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በዚሁ ምክንያት ጥያቄ ተነስቶበት እንደነበር ጻፈች። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባለበት ቤት ከመዳብ የተሠራ አረር እንዲመረጥ፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውም ሥጋ በሰፊው ተቆርጦ እንዲጣል መከረች።

በቁጥር 22 እኔ ስለ ጊዜው አነሳሁ። በቨርጂኒያ የጠመንጃና የሽጉጥ የአጋዘን አደን የሚከፈተው ከኅዳር ወር ሦስተኛው ሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው፤ በፈረንጆቹ ኅዳር ማለቴ ነው። የነቢያት ጾም በእኛ ኅዳር 15 ይገባል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም አይርቅም። ሥጋው ለጾመኛ ቤት ከሆነ የመክፈቻው ቅዳሜና እሑድ ነው ያለው፤ አለዚያ እስከ ገና በማቀዝቀዣ ይቆያል። እሑድ ማደን በግል መሬት ላይ በባለ መሬቱ ፈቃድ ከ2014 ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ከአምልኮ ቦታ በ200 ያርድ ውስጥ ግን አይቻልም።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ በቁጥር 23፣ ጠያቂው ተመለሰ። ቤቱ ያለውን የጥይት ሳጥን አውጥቶ አይቶት ነበር፤ 147 ግሬይን ነው፣ ስሌቱም 320 ሰጠው። ሕጋዊውን 115 ግሬይን ገዝቶ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄደ። በሃያ አምስት ያርድ ላይ የወረቀት ሳህን ሰቀለ፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ከአሥር ጥይት ሳህኑን ያገኘው አራቱ ነው። ስለ ሚኒሶታው አባት ሲያስብ ሌሎቹ ስድስቱ የት እንዳረፉ እያየ እንደቆመ ጻፈ። ሽጉጡን ቤት ትቶ ከባልደረባው ጠመንጃ ሊዋስ፣ የደኅንነት ትምህርቱን ሊጨርስ፣ ፈቃዱንና የአጋዘን ተጨማሪ ፈቃዱን ሊያወጣ ወስኗል። የሃሪሰንበርጉ ሰው በግል መልእክት እንደጋበዘውና በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው ሊለማመዱ እንደተቀጣጠሩም ነገረን።

ቁጥር 24 የሚኒሶታው አባት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። የተኮሰ ቀን፣ አገኘም ሳተም፣ በስንት እርምጃ ላይ እንደነበር ተመልሶ እዚህ እንዲጽፍላቸው ብቻ ለመኑት።